አዲስ የሞተር ሳይክል ነጂዎችን ኩርባ አያያዝ ከምን ጀምረን እናስተምር?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በገጠር ቀበሌዎች ለሚሠሩ ወጣት የግብርና ባለሙያዎች ሞተር ሳይክል እንዳለማምድ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ማርሽ መቀያየሩንም ፍሬን አያያዙንም ቶሎ ይለምዱታል፤ ኩርባ ሲደርሱ ግን ሰውነታቸው ይደርቃል፣ ክንዳቸው ይገተራል፣ ዓይናቸውም የፊት ጎማው ሥር ይተከላል። ባለፈው ወር አንዲት እኅታችን ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ኩርባ ውስጥ ፍጥነቱ በዝቶባት የፊት ፍሬን ስትይዝ፣ ሞተሩ ተቃንቶ ወደ ተቃራኒው ረድፍ ይዟት ሄደ፤ የተረፈችው ከፊት ለፊት መኪና ስላልመጣ ብቻ ነው። እኔ ኩርባን የተማርኩት በልማድ በመሆኑ ምክንያቱን ላስረዳት አልቻልኩም፤ ይህም እስካሁን ይከነክነኛል። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ከምን ብጀምር ይሻላል ትላላችሁ?

ምላሽ፦ ከቡሬ

ወንድሜ፣ እኅታችን ላይ የደረሰው ብዙ ጀማሪ የሚሠራው ስሕተት ነው። ጎማ መሬት የመያዝ አቅሙ የተወሰነ ሲሆን፣ ያንኑ አቅም ለመታጠፍም ለመቆምም ያካፍለዋል። ባጋደለ ሞተር ላይ የፊት ፍሬን በድንገት ሲያዝ ወይ ጎማው ይንሸራተታል፣ ወይ ሞተሩ ተቃንቶ ቀጥታ ይሄዳል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነሱም ማርሽ ማውረዱም ኩርባው ሳይጀምር፣ ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ማለቅ አለበት። አንድን ኩርባ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚዞር ሰው በ40 ቢገባበት፣ ከጎማው የሚጠየቀው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ እንደሚሆን ይንገሯቸው።

ይሁንና እኔ የምጀምረው ከፍሬን ሳይሆን ከዓይን ነው። ሞተር የሚሄደው ነጂው ወዳየበት ነው፤ ገደሉን አተኩሮ ያየ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ገበያ በማይውልበት ቀን የገበያ ሜዳው ላይ ባዶ ጀሪካኖች በግማሽ ክብ እደረድርና እኔ መውጫው ላይ እቆማለሁ። ተማሪው መታጠፍ ሲጀምር ጣቶቼን ወደ ላይ አነሣለሁ፤ እሱም ስንት እንደሆኑ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። መጀመሪያ ላይ ማንም አይመልስልኝም፤ ሁሉም የሚያየው ጀሪካኑን ነው። «ሦስት!» ብሎ የጮኸ ጊዜ ግን አገጩ ወደ መውጫው ዞሯል፣ ትከሻው ተፍታቷል፣ ሞተሩም እሱ ሳያስበው አጋድሎ ታጥፏል። ብዙ ሰው አንደኛው ጎን ስለሚከብደው በቀኝም በግራም ሳይሰለቹ ያሠሯቸው። የመሪውን ነገር ከዚያ በኋላ ያምጡት፦ ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው የቀኙን እጀታ ለስለስ አድርጎ ወደ ፊት በመግፋት ነው። በቃል ሲነገራቸው ግራ ይጋባሉ፤ እጃቸው ሲሞክረው ግን ይገባቸዋል።

ምላሽ፦ ከደጀን

የቡሬው ወንድማችን ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ኮረትም የጭነት መኪናም የለም። እኔ ዓባይ በረሃን ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጣጥፏል፣ ኩርባዎቹ ላይም ከመኪና የፈሰሰ ናፍጣ ያጋጥማል። ከሁሉ የሚያስቆጣኝ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መውረድ ለጀማሪ እንደ ብልሃት መነገሩ ነው። ሞተሩ በማርሽ ካልተያዘ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይደክማል። በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ ይውረዱ።

በረድፋቸው ውስጥ የት መሆን እንዳለባቸውም ያሳዩአቸው። በቀኝ የምንነዳ በመሆናችን፣ በግራ ኩርባ ላይ ወደ መሐል መስመሩ ተጠግቶ ያጋደለ ሰው ጎማው በራሱ ረድፍ ቢሆንም ጭንቅላቱ መስመሩን ተሻግሮ ከሚመጣው ተሳቢ ፊት ይደቀናል። ስለዚህ በግራ ኩርባ፣ ዳር ያለውን ኮረት ሳይነኩ ወደ ቀኝ ጠጋ ማለት ይገባል። በቀኝ ኩርባ ደግሞ ከረድፉ ግራ በኩል ቢገቡ አርቀው ያያሉ፤ ተሳቢ ሲመጣ ካዩ ግን ወዲያው ቦታ ይልቀቁለት። ገና ከመግቢያው የውስጡን ጠርዝ የቆረጠ ሰው መውጫው ላይ ወደ ውጭ መገፋቱ አይቀርም፤ እኅታችንም ምናልባት እንዲሁ ሳትሆን አልቀረችም።

ምላሽ፦ ከእንጅባራ

በእኛ በኩል ዝናቡና ጭጋጉ ስለሚበዛ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከኩርባው ማዶ ፈረሰኛ ወይም የከብት መንጋ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ በሚታያቸው ርቀት ውስጥ መቆም በሚችሉበት ፍጥነት ብቻ ይግቡ። ለጭቃ የተሠራ ጥርሳም ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ያን ያህል እንደማይይዝም አስቀድመው ይወቁት።

ከጠያቂው፦ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ጠዋት ጀሪካኖቹን ደርድሬ እኅታችንን አስቀደምኳት። ሦስት ዙር ዝም ብላ አለፈችኝ፤ በአራተኛው «ሁለት!» አለች፣ ጣቶቼም ሁለት ነበሩ። በግራ በኩል ግን ገና ስለሆነ በሚመጣው እሑድ እንደግመዋለን። የፎሌውን ነገር ግን ያን ዕለት ለሁሉም ነግሬአቸዋለሁ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ እንዲያ ሲወርዱ እንደነበር ነገሩኝ።