ጥቆማ፦ ሎግ (ፕሮግራሞች የሚሠሩትን የሚመዘግቡበት ፋይል) ዲስኩን ሲሞላው የትኛው መላ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 40 ጊጋባይት ዲስክ ያለው አንድ የኡቡንቱ ሰርቨር ነው፤ ኤንጂንኤክስ የተባለው ዌብ ሰርቨር፣ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝና በዶከር የሚሠሩ 6 ኮንቴነሮች (ለየብቻ ተከልለው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) አሉበት። ሎግሮቴት (የቆዩ ሎጎችን እየለወጠ የሚሰርዝ መሣሪያ) ይበቃዋል? ወይስ የሎግ መሰብሰቢያና መፈለጊያዎቹ ሎኪ፣ ኢላስቲክሰርች ወይም በዶላር የሚከፈልበት የውጭ አገር አገልግሎት?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ለአንድ ሰርቨር ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ዶከርን ያዘው። ዲፎልቱ (ካልቀየርከው የሚሠራው) የጄሰን ፋይል ሎግ ወሰን ስለሌለው ኮንቴነሩ እስካለ ድረስ ያድጋል። የሎግ ድራይቨሩን (ሎግ የሚቀመጥበትን ስልት) «ሎካል» ብታደርገው ለአንድ ኮንቴነር 20 ሜጋባይት በ5 ፋይል፣ ማለትም 100 ሜጋባይት ላይ ይቆማል። ዶከርን ሪስታርት ማድረግ ብቻ ግን አይበቃም፤ የቆዩት ኮንቴነሮች ጠፍተው እንደገና መፈጠር አለባቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ጆርናልዲም (የሲስተሙ ሎግ መዝጋቢ) ዝም ካሉት የዲስኩን 10 በመቶ፣ ባንተ ሰርቨር እስከ 4 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 500 ሜጋባይት ላይ ገድበው።

መልስ 2፦ ሎግሮቴት ላይ ልጨምር። በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚነሳው። «ማክስሳይዝ» (የፋይሉ መጠን ወሰን) 100 ሜጋባይት ተብሎ ቢጻፍም፣ በሦስት ሰዓት 10 ጊጋባይት የሚተፋ ፕሮግራም ካለ እስኪነጋ ዲስኩ አልቋል። ሎግሮቴትን የሚያስነሳውን ታይመር በየሰዓቱ አድርገው። «ኮፒትራንኬት»ን (ሎጉን ቀድቶ ዋናውን ባዶ የሚያደርገውን አማራጭ) ፕሮግራሙ ፋይሉን እንደገና መክፈት ካልቻለ ብቻ ተጠቀምበት፦ መጀመሪያ ስለሚቀዳ ለ8 ጊጋ ሎግ ሌላ 8 ጊጋ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ በመሃል የገቡ መስመሮችም ሊጠፉ ይችላሉ። ኤንጂንኤክስ በሲግናል ፋይሉን ስለሚከፍት አያስፈልገውም።

መልስ 3፦ ዲስኩ አሁን ሞልቶ ከሆነ ሎጉን በአርኤም (የመሰረዣ ትእዛዝ) አትሰርዝ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘ ከሆነ ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም። የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍ «ሙሉ» እያለ፣ የፋይሎችን መጠን የሚደምረው ዲዩ ግማሹን ብቻ ካሳየህ ይኸው ነው፤ ኤልሶፍ የተባለው ትእዛዝ ማን እንደያዘው ይነግርሃል፣ ያንን ፕሮግራም ሪስታርት አድርግ። ያልተሰረዘውን ፋይል በትራንኬት ትእዛዝ ወደ ዜሮ አውርደው። የማይኤስኪውኤልን ባይነሪ ሎግ (የዳታ ለውጦች መዝገብ) ግን በእጅህ አትንካ! በራሱ በዳታቤዙ የፐርጅ ትእዛዝ ነው የሚጸዳው። በ8.0 ዲፎልቱ 30 ቀን ያቆያል፤ ሬፕሊካህ (የዳታቤዙ ቅጂ ሰርቨር) እና ባክአፕህ ከፈቀዱ ወደ 7 ዝቅ አድርገው።

መልስ 4፦ ሰርቨሮቹ አምስት ስድስት ሲሆኑ ሎኪን እመርጣለሁ። ሌብሎችን (የሎግ መለያ ስሞችን) ብቻ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ስለሚያደርግ ቀላል ነው። ኢላስቲክሰርች ፍለጋው የላቀ ቢሆንም ራምና ዲስክ ይበላል፤ ዲስኩ 95 በመቶ ሲደርስ ኢንዴክሶቹን ለጽሑፍ ይዘጋል። ሎኪም ቢሆን የማቆያ ጊዜው ዲፎልቱ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ኮምፓክተር በሚባለው ክፍሉ ላይ ካልበራ ሎጉ መቼም አይሰረዝም፣ ችግሩን ወደ ሌላ ዲስክ ማዛወር ብቻ ይሆናል። የውጭ አገር አገልግሎት በጊጋባይት ያስከፍላል። በዚያ ላይ ሎጉ ውስጥ የደንበኛ ስልክ ቁጥር ካለ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወደ ውጭ በሚላክ መረጃ ላይ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቁጥሩን ከመላክ በፊት ሸፍነው።