የትምህርት ቤት ድጎማ ሲቀንስ ወተመህ በየት በኩል ይሂድ? (ባሕር ዳር)

የሽምብጥ ወላጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ የመንግሥት 1ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት ነን። ዘንድሮ የገባው ድጎማ ከአምናው ያነሰ ነው። ስንጠይቅ «ከፌደራል ነው የተቀነሰው፣ መመሪያውም ተቀይሯል» ከማለት በቀር መልስ አላገኘንም። በሌላ በኩል ከየወረዳው ተፈናቅለው የመጡ ልጆች በየጊዜው ይገባሉ፤ ለ3 ልጅ በተሠራ ዴስክ 5 እየተቀመጠ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጉድለቱን በወላጅ መዋጮ እንሙላው ይላሉ፤ የዕለት ጉርሱ የቸገረው ወላጅ ግን ብዙ ነው። በምን ማስረጃ፣ የማንን በር እናንኳኳ?

በጀት ክፍል
መጀመሪያ የቀነሰው የትኛው ገንዘብ እንደሆነ ለዩ። ሁሉም «በጀት» ይባላል እንጂ መንገዱ ለየቅል ነው።

ከፌደራል ወደ ክልል የሚወርደው ጥቅል ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7ን ተመልከቱ። ይህ ገንዘብ ሲመጣ ለትምህርት ይህን ያህል ተብሎ ተለይቶ አይመጣም። ከዚያ ውስጥ ለትምህርት የሚደርሰውን የሚቆርጡት ክልሉና የከተማው ምክር ቤት ናቸው። አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ስለሚሄድ መቀነስ ሲመጣ የሚነካው ሥራ ማስኬጃው ነው፦ ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የፈተና ማባዣ፣ ጥገና። እናንተ ዘንድ የጎደለው ሥራ ማስኬጃ ከሆነ «ከፌደራል ነው» የሚለው መልስ ግማሽ ነው። ቀሪውን ግማሽ ከተማው ይመልስ።

ስኩል ግራንት የሚባለው ሌላ ነው። በተማሪ ቁጥር ተባዝቶ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ሲሆን፣ ለዓመታት የቆመው የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች በሚደግፉት የትምህርት ጥራት ፕሮግራም (ጂኢኪፕ) ነው። ለጋሽ እጁን ሲሰበስብ ቀድሞ የሚጎዳው ይህ ነው፤ በከተማው ምክር ቤት ጉባኤ ብቻም አይመለስም።

ደግሞ አሃዙ ሳይነካም በጀት ይቀንሳል። ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ቶነርና ወረቀት ከውጭ የሚገቡ ናቸው። የ2016ቱን ፕሮፎርማ (የሻጭ ዋጋ ማቅረቢያ) ከዘንድሮው ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ፤ ያው ብር ስንት ደስጣ ወረቀት ይገዛ እንደነበርና ዛሬ ስንት እንደሚገዛ ቁጭ ብሎ ይታያል።

የትምህርት መረጃ ባለሙያ
የክርክራችሁ ጉልበት የተማሪ ቁጥር ነው። አብዛኛው ትምህርት ቤት የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው።

ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ መሸኛም ካርድም ስለሌለው «ለጊዜው ይቀመጥ» ይባልና ክፍል ይገባል። መምህሩ ስሙን በእርሳስ ከስም መጥሪያው ግርጌ ይጽፈዋል፤ ዋናው መዝገብ ላይ ግን የለም። የዓመቱ የትምህርት መረጃ ቅጽ ሲሞላ የሚቆጠረው መዝገቡ ነው። ልጁ ዴስክ ይዟል፣ መጽሐፍ ይጋራል፣ በጀት ግን አላመጣም።

ስለዚህ መሸኛ ለሌለው ልጅ የምደባ ፈተና ስጡና በቃለ ጉባኤ መድቡት። በዋናው መዝገብም ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ የመጣበት ወረዳና የገባበት ቀን ይስፈር። ቅጹ ከተላከ በኋላ የገቡትን በየወሩ በተጨማሪ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽ/ቤት አሳውቁ፤ ግልባጩ ለከተማው ትምህርት መምሪያ ይሁን። በቴሌግራም የተላከ ዝርዝር ነገ «አልደረሰንም» ይባላል። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ማህተም ያረፈበትን ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ።

ስሌቱን እንዲህ አሳዩ። ለ1ኛ ደረጃ ሲሠራበት የኖረው መለኪያ በ1 ክፍል 50 ተማሪ ነው። ለምሳሌ 1,150 ተማሪ በ23 ክፍል ቢኖር ልክ 50 ነው። 310 ልጅ ሲጨመር 1,460 ይሆናል፤ በዚያው 23 ክፍል በአማካይ ከ63 በላይ። በመለኪያው ከሄድን 30 ክፍል ያስፈልጋል፣ ጉድለቱ 7 ነው። በፈረቃ እናስተምራለን ብትሉ የግድግዳው ችግር ይቃለላል እንጂ የመምህሩ አይቃለልም።

ቁጥር እንዳታሳብጡ አደራ። ሱፐርቫይዘር ድንገት መጥቶ አቋርጠው የሄዱ ልጆችን ስም መዝገብ ላይ ካገኘ፣ እውነተኞቹ 310ም አብረው ይጠረጠራሉ።

የዘጌ መምህር
መዋጮን በተመለከተ፦ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሆን ደንግጓል። ኅብረተሰቡ ቢያግዝ መልካም ነው፤ ግን በጠቅላላ ጉባኤ የተወሰነ፣ በፈቃደኝነት የሚሰጥና ደረሰኝ ያለው ይሁን። አልከፈለም ተብሎ ካርድ የሚያዝበት ልጅ ሊኖር አይገባም፤ ይህ ፈጽሞ ልክ አይደለም። ሰው ገንዘብ ባይኖረው ጉልበት አለው፣ ዴስክ የሚጠግን አናጺ ወላጅ አይጠፋም። መዋጮው የሸፈነውንም በዕቅዳችሁ ላይ «የበጀት ጉድለት» ብላችሁ አስፍሩት። አለበለዚያ ከርሞ «አምና ያለዚህም ሠርታችኋል» ይመጣል።

በጀት ክፍል
የጊዜውን ነገር ልጨምር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ሐምሌ ላይ በጀት ጸድቆ ሲያልቅ አቤት ማለት ውኃ ያለፈበት ነው፤ የቀጣዩ ዓመት ጥያቄ ከየካቲት ጀምሮ መሰነድ አለበት። ያልተሠራበት የመንግሥት በጀት ሰኔ መጨረሻ ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ ያደረገ ትምህርት ቤት ደግሞ «በጀት አነሰን» ሲል የሚሰማው የለም። ግዢውን በ3 ፕሮፎርማ በጊዜ ጨርሱ፤ የገባውን ዕቃ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አድርጉ፣ ለክፍል ሲሰጥ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ይውጣ።

«መመሪያው ተቀይሯል» ካሏችሁ የመመሪያውን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ። የመረጃ ነጻነትን የደነገገው አዋጅ 590/2000 የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዝም ካሉ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው።

የሽምብጥ ወላጅ
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ የቀረን፦ የበፊቱ ርዕሰ መምህር ተዛውረዋል፣ የባንክ ፊርማው ግን በእሳቸው ስም ነው። የገባውም ገንዘብ አልወጣም።

በጀት ክፍል
ከሁሉ በፊት ይህን ጨርሱት፤ ሰኔ ቢደርስባችሁ ለከርሞ ክርክራችሁ ማስረጃ የሚሆነው በእናንተው ላይ ነው። የወተመህ ቃለ ጉባኤ፣ የአዲሱ ርዕሰ መምህር የምደባ ደብዳቤና ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽ/ቤት ለባንኩ የሚጻፍ የፈራሚ ለውጥ ደብዳቤ ይዛችሁ አዲሶቹ ፈራሚዎች መታወቂያቸውን ይዘው በአካል ይቅረቡ። የተዛወሩት ርዕሰ መምህር ሒሳቡንና ንብረቱን በጽሑፍ አስረክበው ካልሄዱ ርክክቡንም አብራችሁ አስጨርሱ።