ለክርክር መነሻ፦ የ«ሲቪል ዋር» ኮሚክ ወይስ ፊልሙ?

ጥያቄ (የክበብ አስተባባሪ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ በንባብ ክበባችን ክርክር እንድመራ ተመድቤአለሁ። ርዕሱ «ልዕለ ጀግኖች በመንግሥት መዝገብ ይመዝገቡ ወይስ አይመዝገቡ?» የሚል ሲሆን መነሻችን የአሜሪካው ኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) አሳታሚ የማርቭል «ሲቪል ዋር» ነው፤ በታሪኩ ጀግኖቹን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር በሚያስገባ ሕግ የተነሣ አይረን ማን (ቶኒ ስታርክ) ደግፎ፣ ካፒቴን አሜሪካ ተቃውሞ ጎራ ለይተው ይዋጋሉ። እኔ ሰባቱን ክፍሎች የያዘውን ኮሚክ አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹ አባላት ግን ያዩት የ2016ቱን ፊልም ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብናነሳ ይምታታብን ይሆን? ሌሎች ተጓዳኝ ቅጾችንስ ማንበብ ይኖርብኛል?

መልስ (የሕግ ተማሪ)፦
እህቴ፣ ባትቀላቅያቸው ይሻላል፤ ሕጎቹ የተለያዩ ናቸው። ማርክ ሚላር ጽፎት ስቲቭ ማክኒቨን በሣለው ኮሚክ ሕጉ የአሜሪካ መንግሥት ሕግ ነው፤ ጭምብል ለባሹ ሁሉ እውነተኛ ስሙን ለመንግሥት እንዲያሳውቅና እንዲሠለጥን ያስገድዳል። በፊልሙ ግን 117 አገሮች የደገፉት ስምምነት ነው፤ ጠቡም የጀግኖቹን ቡድን የት እንደሚያዘምተው የሚወስነው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ስፓይደር ማንን ተመልከቺ፤ በኮሚኩ በጋዜጠኞች ፊት ጭምብሉን አውልቆ ስሙን ይናገራል፤ በፊልሙ ከአይረን ማን ጎን ተሰልፎ ሲዋጋ እንኳ አክስቱ ምንም አታውቅም። ርዕሳችሁ ምዝገባ ስለሆነ ኮሚኩን ያዙ።

መልስ (የኮሚክ ወዳጅ)፦
ሰባቱ ክፍሎች ይበቃሉ። ጊዜ ካለሽ ነገሩን በጋዜጠኞች ዓይን የሚያሳየውን «ፍሮንት ላይን» ጨምሪ። የመጀመሪያውን ክፍል ግን በደንብ አስነብቢ። ለቴሌቪዥን ትርዒት የሚቀረጹ ወጣት ጀግኖች ስታምፎርድ ከተማ ውስጥ ወንጀለኞችን ሊይዙ ሲሉ ከወንጀለኞቹ አንዱ የሆነው ናይትሮ ትምህርት ቤት አጠገብ ይፈነዳል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያልቃሉ። ልጇን ያጣችው ሚርያም ሻርፕ በሐዘኑ ሥነ ሥርዓት ላይ ቶኒ ስታርክ ፊት ላይ ትተፋለች። ምዝገባውን የሚቃወም ሁሉ መጀመሪያ ለዚህች እናት ምን እንደሚላት ይንገረን!

መልስ (አንጋፋ አንባቢ)፦
የእናቲቱ ሐዘን እውነት ነው፤ ለሕጉ ግን ምስክር አይሆንም። ሕጉ ገና ሳይጸድቅ የጸጥታ ተቋሙ የሺልድ ኃላፊ ማሪያ ሂል ካፒቴን አሜሪካን «እምቢ ያሉትን አሳድደህ ያዝልን» ትለዋለች፤ አልተባበርም ሲላት መሣሪያ ታስመዝዝበታለች። ያልተመዘገቡት የሚታጎሩበት እስር ቤት ደግሞ ከዚህ ዓለም ውጭ ነው። መዝገቡ ምን ይጽፋል ብቻ ሳይሆን፣ አልመዘገብም ያለው ምን ይደርስበታል ብላችሁም ጠይቁ።

ጠያቂዋ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። በኮሚኩ ብቻ እንሄዳለን። አባላቱ ከክርክሩ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡ?

መልስ (የኮሚክ ወዳጅ)፦
በፍጹም! ሕጉን የሚቃወመው ጀግና ቢል ፎስተር ደጋፊዎቹ በሠሩት የቶር (የነጎድጓድ አምላኩ ጀግና) ቅጂ እጅ እስከሚሞትበት እስከ አራተኛው ክፍል ይብቃቸው። ሰባተኛው ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ሌሎች ተራ ሰዎች ካፒቴን አሜሪካን ይዘው ሲያስቆሙት ዙሪያውን የወደመውን ከተማ ያይና እጁን ይሰጣል። ያንን ቀድሞ ያነበበ ሰው «የተሸነፈው ጥፋተኛ ነው» ብሎ ይመጣል፤ ክርክሩም ሳይጀመር ያልቃል።