ጥቆማ፦ በእጅ የሚሠራ የልደት መቁጠሪያ፣ ባሕር ዳር ላይ ወረቀቱ፣ ኅትመቱና ጥረዛው

ሰላም ለሁላችሁ። 12 ሆነን በየቤታችን የሚሰቀል የልደት መቁጠሪያ በእጃችን ልንሠራ ነው። የሳምንት ቀን የለውም፤ የቤተሰብ ልደት ብቻ ስለሚጻፍበት ለዓመታት ያገለግላል። ምን ወረቀት ይሻላል? መስመሩን የት እናሳትም? ጥረዛውስ ስፓይራል ይሁን ክር?

መልስ 1
መጀመሪያ መጠኑን ወስኑ። ኤ4 በቁመቱ ለሁለት ሲከፈል 10.5 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ እሱን የሚያህል ቅርጽ የለም። 30 ቀን በ8 ሚሊ ሜትር መስመር 24 ሴንቲ ይይዛል። ከላይ 4.5 ለቀዳዳውና ለወሩ ስም፣ ከታች 1.2 ይተርፋል። ለ12 ሰው 13 ወር 156 ቅጠል ነው፤ 78 ኤ4 ማለት ነው። ለብልሽት ጨምራችሁ 90 ግዙ።

ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ስትገቡ 200 ግራም (በካሬ ሜትር) ነጭ ካርድ ወረቀት በሉ። ተራው 80 ግራም ማርከር ወደ ጀርባው ያሳልፋል፣ ውሃ ቀለም ሲነካው ይሸበሸባል። 250 ግራም ለሥዕል ግሩም ነው፤ ግን ትንንሽ ፕሪንተሮች ውስጥ ይቀረቀራል። ቅጠሎቹን ላሚኔት እንዳታስደርጉ፤ እስክሪብቶ አይጽፍባቸውም።

መልስ 2
ለኅትመቱ በዩኒቨርሲቲው ፔዳና ፖሊ ግቢዎች በር አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይበቃሉ። ዋናው ነገር ማሽኑ ቶነር፣ ማለትም የዱቄት ቀለም፣ የሚጠቀም መሆኑ ነው። በፈሳሽ ቀለም የሚያትም ፎቶ ቤት ጥራቱ ቢያምርም፣ ብሩሽ ሲያርፍበት መስመሩ ይፈሳል። ሠራተኛውን «ወፍራም ወረቀት ላይ አድርገው» በሉት፤ ካልተስተካከለ ቶነሩ በደንብ ስለማይጋገር ይረግፋል። አንድ ቅጠል አሳትሙና በጥፍር ፋቁት። ከለቀቀ ቀሪውን አታሳትሙ።

ጳጉሜን 6 መስመር ስጡት፤ 6ኛው ላይ «በዘመነ ሉቃስ» ብላችሁ በትንሹ ጻፉ። የሚተርፈው 19 ሴንቲ ባዶ ቦታ የመቁጠሪያው ምርጥ የሥዕል ገጽ ነው፣ እባካችሁ አታባክኑት። በየወሩ 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምን፣ 27 መድኃኔዓለምን በትንሽ ፊደል አስገቡ፤ ብዙ እናቶች የልጆቻቸውን ልደት የሚያስታውሱት «በሚካኤል ማግስት» ብለው ነው።

ልደቱን በፈረንጅ ቀን ብቻ የሚያውቅ ሰው ካለ ዓመቱንም ጠይቁ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2000 የተወለደ መስከረም 1 ነው፤ በዚያው ቀን 1999 የተወለደ ግን ጳጉሜ 6 ነው። ከጳጉሜ 6 በኋላ ያለው የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል።

መልስ 3
ጥረዛው ላይ እኔ ስፓይራል እላለሁ። የኤ4 ፕላስቲክ ስፓይራል 21 ቀለበት አለው፤ 10.5 ሴንቲ ስፋት 7 ይበቃዋል። ስለዚህ አንዱን ለሦስት ቆርጣችሁ በ4 ስፓይራል 12ቱን ትጨርሳላችሁ። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩን ምረጡ። አደጋው ቀዳዳው ላይ ነው፤ ወረቀቱ መሐል ካልተደረገ ዳር ላይ ግማሽ ቀዳዳ ይወጣና ቶሎ ይቀደዳል። በቁራጭ ወረቀት ካልተሞከረ አንድም ቅጠል አታስበሱ።

ክር ከወደዳችሁ አራት የጥጥ ፈትል አንድ ላይ አክርሩና በጧፍ እሹት፤ ሰሙ እንዳይሳሳ ይይዘዋል። ግን ቅጠሉ በተገለጠ ቁጥር ቀዳዳውን ይበላል፤ በየቀዳዳው ጀርባ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ።

ጠያቂዋ
ሽፋኑን በደንገል ብናደርገውስ?

መልስ 3
በጣም ያምራል። ጣና ዳር ታንኳ ከሚሠሩት ግዙ፤ ግን እርጥቡን አትለጥፉ፣ ሲደርቅ ይኮማተርና በመሐሉ የሽፋኑ ካርቶን ይታያል። አገዳውን በምላጭ ሰንጥቁ፣ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ነጭ የእንጨት ኮላ ስስ አድርጋችሁ ለጥፉ። ከካርቶኑ ጀርባም ወረቀት ይለጠፍ፤ አንድ ወገን ብቻ ከተለጠፈ ሲደርቅ ይጎብጣል። በሐምሌና በነሐሴ ባትጀምሩ ይሻላል፤ ደንገሉ ሳይደርቅ ሻጋታ ያወጣል።