በብርዱ ወራት ሰሜን ባሕር ዳር ዛጎል ለመልቀም የሚሻለው መቼ ነው?

ቀይ ሻርፕ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጃንዋሪ ላይ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ዴንማርክ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሰሜን ባሕርን ፊት ለፊት የሚያይ የእንጨት ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት እንቆያለን። ባለቤቴ ከምድጃው አጠገብ ንቅንቅ አልልም ብሏል። እኔ ግን የምሄደው ዛጎል ልለቅም ነው። ዳርቻውን በሙቀቱ ወራት አውቀዋለሁ። ያኔ ያየሁት ድቅቅ ያለ ስብርባሪና የሰው እግር ብቻ ነው።

አንድ ሰው «ዛጎል የሚለቀመው በብርድ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው ወይስ ሊቀልድብኝ ነው? ከማዕበል በኋላ ወዲያው ነው የሚወጣው ወይስ ቆይቶ? የሚፈለገውስ ውሃው ዳር ነው? ደግሞ ጣቶቼ ብርድ አይችሉም፤ ወዲያው ድንዝዝ ነው የሚሉት። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ያገኘችውን ሁሉ ኪሷ የምትከት ዓይነት ናት። ልምድ ያላችሁ እስቲ በሉኝ።

የማዕበል ማግስት፦

እህቴ፣ ሰውዬው አልቀለደብሽም። እኔ በሙቀቱ ወራት ለዛጎል ብዬ መውጣት ከተውኩ ቆየሁ።

ብዙዎቹ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች የሚኖሩት አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ነው። የሙቀቱ ወራት ሞገድ ትንሽ ስለሆነ እነሱ ጋ አይደርስም። የብርዱ ወራት ማዕበል ግን ጉልበቱ እስከ ታች ይወርድና የባሕሩን ወለል ይቆፍረዋል። ሕይወት ያለውም ባዶውም፣ የዘንድሮውም የድሮውም አንድ ላይ ተጠራርጎ ይወጣል። በዚያ ላይ ሰው በሚበዛባቸው ዳርቻዎች አሸዋው በሙቀቱ ወራት በማሽን ይጠረጋል። በብርድ ማን ይጠርገዋል? የሚረግጠውም የለም።

ማዕበሉ እየነፈሰ ሳለ ግን አትውጪ። አደጋውን ትተሽው፣ ምንም አታገኚም። ውሃው ያመጣውን መልሶ ይወስደዋል። ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ ሰንብቶ በረድ ሲል፣ በማግስቱ ጠዋት ነው ጊዜው። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ሌላ ቀንም አለ። ነፋሱ ተገልብጦ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ የላዩን ውሃ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በእሱ ቦታ የታችኛው ውሃ ወደ ዳር ይመጣል። ሲመጣም ቀላል ቀላሉን ዛጎል ቀስ አድርጎ ይዞት ይመጣል። ስስ የሆኑትን፣ በጣት ጫን ሲሏቸው የሚሰነጠቁትን፣ እኔ በብዛት ያገኘሁት እንዲህ ባለ ቀን ነው።

የባሕሩን የመሙያና የመሸሻ ሰዓት ስልክሽ ላይ ታገኚዋለሽ። ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ወይም አዲስ ከተወለደች አንድ ሁለት ቀን በኋላ ውሃው ከወትሮው የበለጠ ይሸሻል። ቤታችሁ የት ጋ እንደሆነ አልነገርሽንም እንጂ ይህ ነገር ለውጥ አለው። ደቡብ፣ ኤስቢየርግ አካባቢ ከሆነ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ እየቀነሰ ሄዶ ሂርትስሃልስ ላይ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያን ያህል ሰሜን ከሆናችሁ ጨረቃን ተዪያትና ነፋሱን ተከታተዪ።

የት ላልሽው፣ ውሃው ዳር አትድከሚ። ውሃው ሲሸሽ ትቶት የሚሄደው መስመር አለ፤ የባሕር አረም፣ ላባ፣ እንጨት፣ የዓሣ አጥማጅ ገመድ የተጠላለፈበት። ከማዕበል በኋላ ሁለት ሦስት መስመር ይሆናል። የላይኛው ማዕበሉ በጠነከረ ሰዓት የደረሰበት ነው፤ ቀላሉ ነገር ሁሉ እዚያ ይቀራል። አረሙን ገለጥ ገለጥ አድርጊው። ትንንሾቹ ቀንድ አውጣዎች ሥሩ ተወሽቀው ነው የሚገኙት። ቀጥሎ ወደ ባሕሩ የገቡትን የድንጋይ ግድቦች ጥግ እዪ። ፀሐይዋን ደግሞ አትናቂያት። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ እዚያ በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ ከፍ የምትለው 10 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲህ ዝቅ ብላ ስታበራ ጥፍር የምታህል ዛጎል እንኳ ረጅም ጥላ ይኖራታል። ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርገሽ ብትሄጂ ጥላው ወደ አንቺ ይመጣልሻል።

አሁን የምወደውን ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ምንም ያልነካው ዛጎል ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው የተበሳውን ነው። ነጭ ባለ ሁለት ክዳን አንሺና ማጠፊያው አካባቢ እዪ። ክብ ቀዳዳ ታያለሽ፤ ስፋቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ወደ ብርሃን አዙሪው። አፉ ላይ ሰፋ ይላል፣ ወደ ውስጥ ይጠባል፣ ጠርዙ ልስልስ ያለ ነው። ሞገድ እንዲህ አድርጎ አይበሳም። አሸዋ ውስጥ እየተሳበ የሚያድን ድቡልቡል ቀንድ አውጣ አለ። ያገኘውን በሰፊው እግሩ ጥቅልል አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ዛጎሉን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይቀባዋል፤ ጥቃቅን ጥርስ ባለው ምላሱ ይፍቀዋል። እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ይፍቃል። ሰዓታት ይፈጅበታል። ሲበሳለት ሥጋውን በዚያች ቀዳዳ ይበላል። ገዳዩን ራሱን እዚያው መስመር ላይ ታገኚዋለሽ፤ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቆንጆ ነገር። አንዳንዱ ራሱ ተበስቶ ነው የሚገኘው። የገዛ ወገኑ በልቶት።

ሌላው፣ መዳፍ የሚሞላ ከባድ ዛጎል ጥቁር ቡናማ ቆዳ ለብሶ ካገኘሽ እንዳትጥይው። መልኩ አያምርም፣ አውቃለሁ። የዚህ ዝርያ አንዱ በ2006 ከአይስላንድ ባሕር ወጥቶ የዕድገት መስመሮቹ ሲቆጠሩ 507 ዓመት ሆኖት ተገኘ። የተወለደው በ1499 ነው ማለት ነው። ያንቺው ያን ያህል ባይሆንም ከአያትሽ ቢበልጥ አይግረምሽ።

ድርብ ካልሲ፦

የላይኛዋ እህታችን ጨርሳዋለች። እኔ ስለ ብርዱ ልጨምር።

ለጣትሽ ስስ የሱፍ ጓንት ከሥር፣ ሰፋ ያለ የላስቲክ ጓንት ከላይ አድርጊ። ጣት የሚገድለው እርጥበቱና ነፋሱ ነው። አንድ ትርፍ ሱፍ ጓንት ደረትሽ ጋ ያዢ፤ የመጀመሪያው መርጠቡ አይቀርም። ስልክሽንም እዚያው አድርጊው፣ ባትሪ በብርድ ቶሎ ነው የሚያልቀው። የቀኑ ብርሃን ሰባት ስምንት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ አይለይሽ። ግድቦቹ ላይ ግን አትውጪ። በረዶ የጋገረበት አረም ለበሱን ድንጋይ እኔ አላምነውም።

ለባሕሩም ጀርባሽን አትስጪ። አይስላንድ ውስጥ ሬይኒስፍያራ የሚባለው ጥቁር አሸዋ ዳርቻ ላይ ድንገት ከሌሎቹ አልፎ የሚመጣ ሞገድ ሰው ወስዶ ገድሏል። ያንቺው ዳርቻ እንደዚያ ባይሆንም የባሕር ጠባይ አይታወቅም።

የልጅሽ ኪስ ግን አሳሰበኝ። በብርዱ ወራት አምበርም (ደንድኖ ድንጋይ የመሰለ የጥንት ዛፍ ሙጫ፣ ቢጫማ ነው) ይወጣል፤ እዚያው ዴንማርክ ምዕራብ ዳርቻም ይገኛል። ቀላል ስለሆነ ከአረምና ከጥቁር የእንጨት ስብርባሪ ጋር ነው የሚቀመጠው። ችግሩ፣ ባልቲክ ባሕር ላይ፣ በተለይ የጀርመኗ ዩዜዶም ደሴት ዳር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ የቀረ ነጭ ፎስፈረስ እስከ ዛሬ ይወጣል። እርጥብ እያለ ቁርጥ አምበር ነው የሚመስለው። ኪስ ውስጥ ደርቆ የሰው ገላ ሲያሞቀው በራሱ ይቀጣጠላል። ሰው ተቃጥሎበታል። እናንተ የምትሄዱበት ሌላ ባሕር ነው፤ አላስፈራራሽም። ግን ልጅ ልማድ ትያዝ፦ ቢጫ ነገር ኪስ አይገባም፣ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚገባው። ቆርቆሮውንም አንቺ ያዢው።

ቀይ ሻርፕ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ቆርቆሮው ዛሬውኑ ተዘጋጅቷል። ልጄ «የገዳዩን ዛጎል» ካላገኘን አንመለስም እያለች ነው። ቤታችን ኤስቢየርግ አጠገብ ስለሆነ ጨረቃዋንም አያታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽታውስ? በምን ይታጠባል? አቼቶ ያብለጨልጨዋል የሚል አንብቤአለሁ።

ሣጥን ሙሉ፦

አቼቶ እንዳታስነኪው ልጄ! ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አቼቶ ውስጥ ስትከቺው አረፋ የሚደፍቀው እየሟሟ ስለሆነ ነው። የሚያብለጨልጭ የመሰለሽ የላዩ ተበልቶ ነው። በረኪናም ተዪው፤ ያንን ጥቁር ቆዳ ያነሣዋል፣ ቀለምም ያጠፋል።

ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ውሃውን ቀያይሪ። ጨው ከቀረበት ከደረቀ በኋላም እርጥበት ይስባል። ሽታው የሚመጣው ውስጡ ከቀረ ሥጋ ነው። ቀንድ አውጣ ከሆነ አፍይው፣ ከዚያ በወረንጦ ጠምዘዝ እያደረግሽ አውጪ። የቀረውን ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጨርሰዋል። ጥቁር ወይም ሰማያዊ የሆነ ሽንትርትር ዛጎል ካገኘሽ ግን በብሩሽ አትድከሚበት። ቆሻሻ አይደለም። አየር በማይደርሰው ጭቃ ውስጥ ብዙ ዘመን ተቀብሮ የብረት ሰልፋይድ ገብቶበት ነው።

ሲደርቅ አንድ ጠብታ ቤቢ ኦይል በጨርቅ አድርገሽ ብታሺው ውሃ ውስጥ የነበረው ቀለሙ ይመለሳል። የት ቦታና መቼ እንደተገኘ በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ አብረሽ አስቀምጪ። መሳቢያሽ ኦክ እንዳይሆን ብቻ። ኦክ እንጨት የአሴቲክ አሲድ ትነት ያወጣል፤ በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ዛጎሉ ላይ ነጭ ዱቄት እያበቀለ ይበላዋል። አቼቶውን ሳታውቂ በጓሮ በር አስገባሽው ማለት ነው። የድሮ ሙዚየሞች ስንት ዛጎል አጥተውበታል።

የማዕበል ማግስት፦

ጋሼ፣ በሁሉም እስማማለሁ፣ በዘይቱ ግን አልስማማም። አቧራ ይሰበስባል። የተበሳው ጠርዝ ላይ ያለችውን ስስ ጭረትም ይደፍናታል። ደብዛዛ ከሆነ ደብዛዛ ይሁን፤ ደረቅ ዛጎል መልኩ እሱ ነው።

ቀይ ሻርፕ፣ ቀንድ አውጣውን ከመክተትሽ በፊት አፉን እዪው። ውስጡ ቀይ ጥፍር ካየሽ የሰው ቤት የተከራየ ሸርጣን አለበት። ክዳን ገጥሞ የተዘጋ ከሆነም ባለቤቱ በሕይወት አለ። ሁለቱንም ወደ ውሃው መልሻቸው። ባዶ ሞልቷል።

ሣጥን ሙሉ፦

የኔዎቹ ዘይት ከጠጡ ዘመን ሆኗቸዋል፣ አንዱም አልሞተብኝም። አንቺ ያንቺን አድርቂ።

ቀይ ሻርፕ፦

ተመልሰናል! ሦስት ቀን ከምዕራብ ሲያስገመግም ከረመ፣ በአራተኛው ቀን ጸጥ አለ። በማግስቱ ጠዋት ከላይኛው መስመር ጀመርን። ረጃጅሞቹ ምላጭ ዛጎሎች ከምር ተከምረው ነበር፤ ብዙዎቹ ሁለቱ ክዳን እንደተያያዘ። የተበሱትን ልጄ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሣች በቀዳዳው ታየኛለች። ገዳዩንም አገኘችው፣ አረም ሥር። ጥቁሩን ሽማግሌ እኔ አገኘሁት፣ ግማሹን ብቻ። ባለቤቴ እንኳ በመጨረሻው ቀን ወጣ።

የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ቡጢ የሚያህል ክብ፣ ቀላል፣ ገረጣ ያለ፣ ብዙ ትንንሽ ስስ ከረጢት ተጣብቆ የተሠራ ነገር። ልጄ ስፖንጅ ነው ትላለች።

የማዕበል ማግስት፦

የቀንድ አውጣ እንቁላል ነው፤ የትልቁ፣ የዚያ ሽንትርትር ቢጫማው። መርከበኞች ድሮ እጃቸውን ይታጠቡበት ስለነበር ልጅሽ ብዙም አልራቀችም። እያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ብዙ መቶ እንቁላል ይኖራል፤ የሚፈለፈሉት ጥቂቶች ናቸው። ቀድመው ያደጉት የቀሩትን እንቁላሎች በልተው ነው የሚወጡት። አንቺ ያገኘሽው ቀላል ከሆነ ባዶ ነው፤ ወጥተው ሄደዋል።

ለልጅሽ ስትነግሪያት ስለ መብላቱ ያለውን እንደፈለግሽ አድርጊው። በቀዳዳው ካየች ግን የምትችለው ይመስለኛል።