የማስካራ ብሩሽ ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን መባሉ ለምን ያስቆጣል?

ሙሽራ አስዋቢ፦ ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች፣ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለው የማስካራ፣ ማለትም የሽፋሽፍት ቀለም፣ ብሩሽና የከንፈር ቀለም መቀቢያ ዘንግ «የቅንጦት ቆሻሻ» ስለሆነ ከፕላስቲክ ከረጢቱ ጋር አብሮ መከልከል ነበረበት አሉ። ንዴቴ እስከ አሁን አልበረደም። እኔ በጥር አንድ ጠዋት ሙሽራዋን፣ ሚዜዎቿን፣ እናቷንና እህቶቿን ከአንድ ቦርሳ የማስውብ ሴት ነኝ። ብሩሹን ከአንዷ ዓይን ወደ ሌላዋ ዓይን እያዛወርኩ ልሥራ? ይህ ቅንጦት ከተባለ የሐኪም ጓንትስ ምን ሊባል ነው?

ቀርከሃ፦ እህቴ፣ ጓንቱን ተዪውና የያዝሽውን ብሩሽ ልብ ብለሽ እዪው። እጀታው ፕላስቲክ፣ ጸጉሩ ናይለን፣ መሐሉ የተጠማዘዘ ሽቦ ነው። ጣት በማታክል ዕቃ ላይ የተጣበቀውን ይህን ሁሉ ማን ይለያየዋል? ቁራሌው የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሰበስበው ስለሚሸጥለት ነው፤ ብሩሽሽን በነጻ ብትሰጪው እንኳ አይወስደውም። መጨረሻው ወይ ቦይ ነው ወይ ቆሼ የምንለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ። በ2009 ዓ.ም. ቆሼ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችን ባለቁባት ከተማ እየኖርን፣ ለደቂቃ አገልግሎት ብቻ የተሠራ ፕላስቲክ ቢያስቆጣን አይፈረድብንም።

ሙሽራ አስዋቢ፦ የቆሼን ሟቾች በማስካራ ብሩሽ ላይ አትጫን። እነዚያ ሰዎች የሞቱት አጠገቡ እንዲኖሩ በተተዉበት የቆሻሻ ተራራ ነው። ተራራውን የሠራው የከተማው ቆሻሻ ሁሉ እንጂ የእኔ ቦርሳ አይደለም።

የመርካቶ ነጋዴ፦ ትራኮማ ከዓለም ሁሉ በላይ በተንሰራፋበት አገር ስለ ዓይን ንጽሕና መከራከራችን ራሱ ያሳፍራል። ብሩሹን በጅምላ አስመጥቼ እሸጣለሁ፤ ሰው የሚገዛውም ፈርቶ ነው፣ ፍርሃቱም ትክክል ነው።

የዓይን ክፍል ነርስ፦ ወንድሜ፣ ትራኮማን እዚህ ውስጥ አታስገባው። ትራኮማ በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ የሚተላለፍ፣ ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ ያጣ የገጠር ሕፃን በሽታ ነው። ልጅ ሳለ ደጋግሞ ይይዘዋል፤ ካደገ በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። የእነዚያ ልጆች ሕመም የብሩሽ መሸጫ ማስታወቂያ ሲሆን ማየት አልችልም።

የማስካራው አደጋ ሌላ ነው። ማስካራ ውሃ አለበት፤ ብሩሹ በተመለሰ ቁጥር ከሽፋሽፍት ላይ ያነሳውን ባክቴሪያ ይዞ ወደ ጨለማው ጠርሙስ ይገባል። መከላከያ ኬሚካሉም ለዘላለም አይሠራም፤ አንዲት ሴት ለብቻዋ የምትጠቀምበትን እንኳ በሦስት ወር ገደማ ጣዪው የምንለው ለዚህ ነው። ብሩሹ የዓይንን ብሌን ጫር አድርጎ ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በጭረቱ ከገባ የዓይን ብርሃን እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል። ደረቅና ሰም የበዛበት የከንፈር ቀለም እንደዚህ ለባክቴሪያ አይመችም፤ እሱ ላይ የበለጠ የምንፈራው ከከንፈር ወደ ከንፈር የሚሻገረውን የሄርፒስ ቫይረስ ነው።

ቀርከሃ፦ ታዲያ ይታጠብ! ሳሙናና 70 በመቶ አልኮል አለ። የሚታጠብ ብሩሽ ገዝቶ አጥቦ ማድረቅ የሙያው ግዴታ አይደለም?

ሙሽራ አስዋቢ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው የምሠራው። ሙሽራዋ ቤት ሌሊት አሥር ሰዓት ስደርስ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ለምግብ አብሳዮቹ ነው። የዱቄትና የመሠረት ቅባት (ፋውንዴሽን) ብሩሾቼን ቤቴ አጥባለሁ፤ እነሱን ማንም ጣዪ አላለኝም። የማስካራ ብሩሽ ግን እዚያው በሁለት ሰው መካከል ታጥቦ አይደርቅም፤ እርጥቡ ደግሞ ቀለሙን ያበላሸዋል። «የቅንጦት ቆሻሻ» ያሉት ሰው አንድ ቀን ሙሽራ ቤት አብረውኝ ይዋሉ።

ከፍራንክፈርት፦ የምኖርበት አውሮፓ ሕብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የፕላስቲክ ዘንግ ያለውን የጆሮ ጥጥ ከልክሏል። አሁን ዘንጉ ወረቀት ነው፤ ማንም አልተጎዳም። ስለዚህ ይቻላል።

የመርካቶ ነጋዴ፦ የተከለከለው የጆሮ ጥጥ ዘንግ ነው፤ የማስካራ ብሩሽ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለሕክምና የሚውለውን ጥጥ እንኳ ነጻ አድርገውታል። ያልተከለከለውን ተከለከለ እያላችሁ ከውጭ አታስፈራሩን።

ከፍራንክፈርት፦ ተከለከለ አላልኩም፤ ይቻላል ነው ያልኩት። ዘንጉን ወረቀት ያደረገው ፋብሪካ የብሩሹን እጀታ ወረቀት ወይም እንጨት ማድረግ አያቅተውም።

የንድፍ ተማሪ፦ ሁላችሁም እጀታው ላይ ቆማችኋል። ችግሩ ወደ ጠርሙሱ የሚመለሰው ጫፍ ነው። አንዴ የሚጣል ብሩሽ የያዘች አስዋቢ ቀኝ ዓይኑን ቀብታ፣ ቀለም ሲያንሳት በዚያው ብሩሽ ደግማ ከነከረች፣ ፕላስቲኩም ባከነ ጠርሙሱም ተበከለ። ይህንን ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይቻለሁ። ጥሩ ንድፍ ሁለተኛውን ንክር የማይቻል ማድረግ አለበት። ለቁስል የሚሆን አዮዲን ውስጡ ክፍት በሆነ ዘንግ ተሞልቶ፣ አንዱን ጫፍ ሲሰብሩት ወደ ጥጡ የሚወርድበት ዕቃ አለ። ለከንፈር ቅባትና ለፈሳሽ ኩል ያ ይሠራል፤ መያዣውና መቀቢያው አንድ ስለሆነ መልሶ መንከር የለም። ማስካራ ግን ወፍራም ስለሆነ በዚያ ቀጭን ቀዳዳ አይወርድም። ለእሱ ብሩሹን ለአንድ ዓይን የሚበቃ ቀለም የሚይዝ አድርጎ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ብሩሽ መስጠት ነው የሚሻለው።

ቀርከሃ፦ ሁለት ብሩሽ! ቆሻሻውን እጥፍ አደረግኸው እኮ። መፍትሔው ደጃችን ነው። መፋቂያችን እጀታውም ጸጉሩም አንድ እንጨት ነው፤ ጫፉ ሲታኘክ ራሱ ብሩሽ ይሆናል። የቆላ ቀርከሃ ደግሞ እንደ ደጋው ውስጡ ክፍት ስላልሆነ ለቀጭን ዘንግ ይመቻል። አሶሳ አካባቢ ሞልቷል። ጫፉን ሰንጥቆ አለስልሶ ያለ ሽቦና ያለ ናይለን መሥራት የሚችል ወጣት የለንም?

የዓይን ክፍል ነርስ፦ ለቅንድብና ለከንፈር እሺ። ዓይን አጠገብ ግን የተሰነጠቀ እንጨት እንዳታስጠጋ። ከብሌን ላይ ስንጥር ማውጣት ምን እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን። የእንጨት ስንጥር ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚያስከትለው የፈንገስ ቁስል ከባክቴሪያውም ይልቅ ለመዳን ያስቸግራል።

የንድፍ ተማሪ፦ ነርሷ ልክ ናቸው፤ እንጨት እርጥበትም ይጠጣል፣ ያለ ማሸጊያ ከተቀመጠም ይሻግታል። እጀታው ቀርከሃ፣ ጫፉ ለስላሳ ናይለን ሆኖ ጫፉ ብቻ ተነቅሎ ቢጣልስ? የሚጣለው በጣም ያንሳል፤ እጀታውን ማጽዳትም ቀላል ነው።

የመርካቶ ነጋዴ፦ ማን ይገዛዋል? አሁን ያለው ብሩሽ ሲወደድ እንኳ አስዋቢዎች ለሦስት ሰው አንድ እያደረጉት ነው። ዋጋው ከጨመረ ወደ አንዱ ብሩሽ ይመለሳሉ፤ ያኔ ቀርከሃችሁን ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ሙሽራ አስዋቢ፦ «ለሦስት ሰው አንድ» የሚሠሩ ካሉ በስማቸው ይጠየቁ እንጂ ሁላችንንም አትጨምር። ሙሽሮችም የብሩሹን ዋጋ ይክፈሉ። ለቬሎ ኪራይ የማይከራከር ቤተሰብ እኔ ጋ ሲደርስ «ብሩሽ እኛ እናምጣ» ይለኛል።

ቀርከሃ፦ ያምጡ! እያንዳንዷ ሴት የራሷን ማስካራ ይዛ ብትመጣ የሚጣልም የሚታጠብም የለም። ይህንን ለምን ትጠያለሽ?

ሙሽራ አስዋቢ፦ የሚያመጡት ከዓመት በፊት የተከፈተ፣ ከእህት የተዋሱት ስለሆነ ነው። ከላይ ነርሷ የጻፉትን አላነበብክም?

ቀርከሃ፦ አንብቤዋለሁ። ነርሷ የተቃወሙት ዓይን አጠገብ የሚደርሰውን እንጨት ነው፤ ቦርሳሽ ውስጥ ያለው የከንፈር መቀቢያ ለምን ፕላስቲክ እንደሆነ ግን እስከ አሁን አልመለስሽልኝም።