የሊፕስቲኩ ጩኸት የምር ነበር ወይስ የምርጫ ጨዋታ?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤቶች። እ.ኤ.አ. የ2008ቱን የአሜሪካ ምርጫ የምታስታውሱ፣ ኦባማ ቨርጂኒያ ላይ የተፎካካሪውን፣ የሪፐብሊካኑን ዕጩ የማኬይንን «ለውጥ» ሲያጣጥል «አሳማን ሊፕስቲክ ብትቀባው ያው አሳማ ነው» ብሎ አልነበር? የማኬይን ሰዎች ወዲያው «ሳራ ፔሊንን (የማኬይንን ምክትል ዕጩ) ሰደበ፣ ሴት ናቀ፣ ይቅርታ ይጠይቅ» ብለው አገር ይያዝልን አሉ። የምር ተናደው ነው?

ጎረቤት፦
የምን መናደድ! ማኬይን ራሱ በ2007 የሂላሪ ክሊንተንን የጤና ዕቅድ ሲነቅፍ ያንኑ አባባል ተጠቅሟል። ያኔ ሴት መናቅ አልነበረም ማለት ነው?

አልማዝ ነኝ፦
ቆይ አትቸኩል። ፔሊን ከቀናት በፊት በፓርቲው ጉባኤ «የሆኪ እናትና (ልጆቿ ሆኪ የሚጫወቱ እናት) ፒትቡል (ኃይለኛ ውሻ) ልዩነታቸው ሊፕስቲክ ነው» ብላ አዳራሹን አስቃለች። ስለዚህ የሰማ ሰው እሷን ቢያስብ አይፈረድበትም። ግን ሙሉውን ንግግር ስሙት፣ ወሬው ስለ ፖሊሲ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው፦ በእንዲህ ያለ ጩኸት የተነሳ የእውነት የተናቀች ሴት ስትናገርም «ባክሽ፣ ፖለቲካ ነው» ትባላለች።

ታዛቢው፦
በዚያው ክረምት ኦባማ «ዶላር ላይ ያሉትን ፕሬዚዳንቶች አልመስልም» ሲል የማኬይን ካምፕ «ዘርን መሣሪያ አደረገ» ብሎ ከሶታል። ቂም ሳይሆን ስሌት ነው ባይ ነኝ። ሁለት ቀን ስለ ሊፕስቲክ ከተወራ ስለ ኢኮኖሚው ማን ይጠይቃል?